ግመል የነበራቸው ሽማግሌ

መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው አይታችሁ፣ «መሳፈር ፈልጎ ነው» ብላችሁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ? ታላቅ ወንድሜም እንደዚያ ብሎ አለፈ።

አዋሽ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ወንድሜ ከደጋ ተከትሎኝ ወርዶ የአንድ ጥጥ እርሻ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። ከገዋኔ ወዲያ ጥጥ ጭኖ ሲመለስ እኔ ዘንድ ያድራል። እሱ ራቱን ሲበላ እኔ ከተማሪዎቼ የሰማሁትን አስረዳዋለሁ። ማስረዳት እወድ ነበር።

«አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ» አልኩት አንድ ቀን። «ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ውሃው እንዴት ነው፣ መንገዱስ ይባባላሉ። ያየውን ሳይነግርህ የሚያልፍ የለም። ስለዚህ እጁን ያነሳ ሰው ካየህ ቁም፣ ወንድምጋሼ።»

«ላገኘሁት ሁሉ ከቆምኩማ ጥጡ እላዬ ላይ ይበቅላል።»

«መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ‹ፊት ምን አለ?› ማለት ብቻ እኮ ነው።»

«እትዬ መምህርት፣ ተማሪ ሲያልቅብሽ እኔን ያዝሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

እዚያ አገር ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንብና ቆላው ጠብ ሳይልበት ደረቁ ወንዝ በጎርፍ ይሞላል። አንድ ቀን ጎርፉ ከገዋኔ ወዲህ ያለውን መሻገሪያ ከሥሩ ቦርቡሮት ሄደ። ላዩ ግን ደህና መንገድ ይመስል ነበር፤ ፀሐዩም ጠራራ ነው። የወንድሜ መኪና ሲወጣበት ተናደ። ሬሳውን ከጥጡ ሥር አወጡት።

ከቀብሩ በኋላ አንድ አፋር ሽማግሌ ግመላቸውን እየሳቡ ደጄ መጡ። አማርኛ ስለማይችሉ ጎረቤቴ የሆነው የወሎ ባለሱቅ ያስተረጉማል። አልገባም ብለው እደጅ ተቀመጡ።

«መሻገሪያው መቦርቦሩን አይቼ ነበር» አሉ። «መኪናውን ሳይ እጄን አነሳሁ። እሱ ግን እንዲህ አደረገ።» መዳፋቸውን ወዲያና ወዲህ ገለበጡ። «ፈገግ ብሎ ነበር። ከኋላው ሮጥኩ፤ አቧራው ዋጠው። እንዲህ ማድረጉ ምን ማለቱ ነበር?»

ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ ሹፌሮች ሁሉ ያደርጉታል።

«ሞልቷል፣ ቦታ የለኝም ማለቱ ነው» አልኩ።

ሲተረጎምላቸው ሽማግሌው ግመላቸውን ዞር ብለው አዩ።

«እኔ መቼ መሳፈር ፈለግሁ» አሉ። «ግመል አለኝ።»

ባለሱቁ «አላህ ያጽናሽ» አለኝና ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ግን ወዲያው አልተነሡም። ወንድሜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ጠየቁኝ። ሲስቅ ድምፁ ከመኪናው ይበልጥ እንደነበር ነገርኳቸው።

ዛሬም መኪና ስሳፈር ዓይኔ መንገድ ዳር ነው። አንድ ሰው እጁን አንስቶ ሹፌሩ መዳፉን ሲገለብጥ ማየት አልችልም።

እናንተ መሪ የምትይዙ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መኪናችሁ ሞልቶም ቢሆን እጁን ያነሳ ሰው ስታዩ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ጥግ ያዙ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና «ፊት ምን አለ?» በሉት። በሚቀጥለው መንገዳችሁ ሞክሩት።