ጭኮ የተደረገው መድኃኒት

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት ምግብ መፍራት ጀመረች። ነገሩ የመጣው ከሆድ ድርቀት ነው። አንድ ቀን ፖፖ ላይ ተቀምጣ ክፉኛ አመማት፣ ትንሽ ደምም አየን። ከዚያ ወዲህ ካካዋ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ተደግፋ፣ እግሮቿን አጣብቃ፣ ላብ እስኪያጠምቃት ትይዘዋለች። ኋላ ደግሞ በዚያች ትንሽ ጭንቅላቷ አስባ አስባ መላ አገኘች፤ ካልበላች የሚወጣ ነገር የለም። ክንዷን ስይዛት አጥንቷ ይቆረቁረኝ ነበር። እጄ ላይ ልታልቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

እኔ እንጅባራ ከተማ ልብስ እሰፋለሁ። ቀን ቀን ልጅቱን የሚይዙልኝ አማቴ ነበሩ፤ ለዚሁ ብለው ነው ከዘንገና አካባቢ፣ ከገጠር የመጡት። አንድ ጊዜ ክርና ጨርቅ ልገዛ ዳንግላ ወርጄ ፋርማሲ ገባሁና ጭንቀቴን ዘረገፍኩት። ባለ ፋርማሲዋ ለልጆች የሚሆን የፋይበር ዱቄት አወጣችልኝ። የደረቀውን ያለሰልሳል፣ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይመግባል አለችኝ።

«ግን በብዙ ውሃ ነው። ቀን ሙሉም ውሃ ትጠጣ፤ ያለ ውሃ ከሆነ ይብስባታል» አለች ደጋግማ። ቤት እንደገባሁ ለአማቴ ቃል በቃል ነገርኳቸው።

ክረምት ነበር። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ቀትርም ሆኖ አይገለጥም። አማቴ ደግሞ በክረምት ለልጅ ውሃ አይሰጡም። ውሃ ብርድ ያስገባል፣ ብርድ ሆድ ይነፋል ባይ ናቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት እንዲያ ነው፣ ባሌንም ጨምሮ።

«እማ፣ ዱቄቱን እየሰጧት ነው?» እላለሁ ከሥራ ስገባ።

«እንዴታ! ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው።»

መብላቷን ስሰማ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እሳቸው ግን ዱቄቱን ከበሶ ጋር ቀላቅለው፣ በቅቤና በማር አሽተው ጭኮ ያደርጉላት ኖሯል። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጀርባዋን እያሻሹ ያጎርሷታል። ለሚወዱት ልጅ የሚደረገው ይኸው ነው፤ በዚያ ብርድ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ለሳቸው ጭካኔ ነው። ከሰው ሁሉ እጅ እምቢ ያለችው ልጅ ከሳቸው እጅ በላች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ሆዷ ተነፍቶ ከበሮ ሆነ። ማስመለስ ስትጀምር በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተሩ ሆዷን ዳስሶ ምን ትበላ እንደነበር ሲጠይቅ አማቴ በኩራት መለሱለት፤ ማሩ የየት አገር እንደሆነ እንኳ አልቀራቸውም።

«ውሃስ?» አለ።

«በዚህ ብርድ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኽኩባቸው።

«ነግሬዎት አልነበረም? በእጅዎ ልጄን ሊገድሏት ነው?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

የደረቀውን በእጅ ማውጣት ግድ ሆነ። እናት ትያዛት ተባለ። ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ አጥፌ ያዝኩ። እንዴት እንደጮኸች አልጽፈውም። መሃል ላይ ጩኸቷን አቁማ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር፤ እሱ ከጩኸቱ ባሰብኝ።

ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። ዱቄቱም እንዲቀጥል ታዘዘ፣ በውሃ። ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ ኩባያውን አጠገቧ አስቀምጬላት ዞር እላለሁ፤ እኔ ካልቆምኩባት ትጠጣዋለች። ካካዋ ለሰለሰ። መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ውሸት አልናገርም።

አማቴ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን የሸከፉ ዕለት ምሳ አቀረብኩ። ትንሽ እንጀራ በሽሮ ጠቅልዬ ወደ ልጄ አፍ ሳስጠጋ ፊቷን አዞረችብኝ። ተነሥታ ሄደችና አማቴ ፊት ቆመች፤ አፏን ከፈተችላቸው። አማቴ ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«እናትሽ ታጉርስሽ፣ የኔ ልጅ። የኔ እጅ ይቅርብሽ።»

«እማ፣ ስለ እግዜር ብለው ያጉርሷት» አልኳቸው። እንባዬ መጣ። «በንዴት የተናገርኩት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እጃቸው አልወጣም። ልጄ አፏን እንደከፈተች ቆመች።