የማይቋረጠው ስልክ

ከሚሴ ውስጥ ከብት በሚያጓጉዝ ድርጅት ቅርንጫፍ ቢሮ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ኦሮምኛም አማርኛም ስለምችል ስልኩን እንዳነሳ አደረጉኝ። ሰው ፊት አንገቴን የምደፋ ስለሆንኩ፣ በስልክ ምን እንደምል ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ስልኩ ሳይሠራ ስለዋለ፣ የሚጫን ከብት እንደሌለ ሳንሰማ መኪናችን ሰንበቴ ገበያ ድረስ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ይህ ከተደገመ ስልኩ ላይ ሌላ ሰው እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። ከዚያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን መጣ። ሁለት መስመር ከነስልካቸው ዘረጋ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ትልቅ ባትሪም ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጠ። አንዱ መስመር ቢጠፋ፣ ደዋዩ ያንኑ ቁጥር ሲደውል በሌላኛው ስልክ ይገባል አለኝ። የትኛው የትኛውን እንደሚተካ አልገባኝም፤ ግን ገብቶኛል አልኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ በር ላይ ቆመ። ስልኩ ጠራ። የሰንበቴው ደላላችን ናቸው፣ አያቴን የሚያህሉ ሽማግሌ። እንደ ልማዳቸው እናቴን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን ጠየቁ፤ እኔም አልሐምዱሊላህ እያልኩ መለስኩ። እኛ ዘንድ ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይ አይነሳም። ወደ ጉዳዩ ሊገቡ ሲሉ መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው ሌላኛው ስልክ ጠራ። እሳቸው ግን ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ሰላምታ ተቆርጦ አይቀርም ብለው እንደገና ከእናቴ ጀመሩ። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ያም ተቋረጠ። የመጀመሪያው ጠራ። አሁንም እናቴ።

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። «እህቴ፣ ልሂድ ወይስ እዚሁ ቤት ልሥራ?» አለኝ በመስኮት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣» አልኩ፣ «መኪናው ይምጣ ወይስ ይቅር?»

እንደገና የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ይቅር፤ ከብት አልወጣም» አሉና ዘጉት።

መኪናው ቀረ። ቴክኒሻኑ ደውሎ ሁሉም ሠራ ወይ ሲለኝ፣ ሠርቷል አልኩ። ግን የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለኝ ነበር፤ ምኑ እንደሆነ ለእሱ እንዴት እንደምነግረው አላወቅሁም።

በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌው ደወሉ። «ይምጣ» ብቻ ብለው ዘጉ። ሾፌሩን ሸኘሁና ተመልሼ ስልኮቹን አየሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የባትሪው አረንጓዴ መብራትም በርቷል። ተቀይመውኝ ነው? ወይስ በአዲሱ ስልክ የሚነገረው እንዲህ ነው ብለው ነው? ቁጥራቸውን መታሁ።

«ምን ጎደለ?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አልጎደለም አባባ፤ መኪናው ወጥቷል። አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ? ቤተሰቡስ?»

«እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ።