አብሮኝ የበረረው ንዳድ

ይህን የምጽፈው ከራሴ ትዝታና ሟቹ አጎቴ ደጋግመው ካጫወቱኝ ነው። የሐኪም ወረቀት በእጄ የለም። ዘመኑ 1950ዎቹ አጋማሽ፣ ወሩም መስከረም እንደ ነበረ እንጂ ቀኑን አላስታውስም። በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ያየሁትንና በኋላ የሰማሁትን ሁልጊዜ መለየት አልችልም።

ሕመሙ የጀመረኝ ወረታ ላይ፣ ለክረምት ዕረፍት አዲስ አበባ ከምማርበት ኮሌጅ መጥቼ ሳለሁ ነው። ውኃው ከፎገራ ሜዳ ገና አልሸሸም ነበር። መጀመሪያ ወገቤን ቆረጠመኝ። ከዚያ ብርድ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ቀጥሎ እሳት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወባ መሆኑን ነግሮኝ ክሎሮኪን ሰጠኝ፤ «ቢሻልህም ሳትጨርስ እንዳታቆም» አለኝ።

አጎቴ ቄስ ነበሩ። ለርስት ሙግት ይግባኝ አዲስ አበባ መሄጃቸው ስለ ነበር፣ ደግፈው በጭነት መኪና ባሕር ዳር አደረሱኝና አብረን አውሮፕላን ተሳፈርን። በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ በአየር ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ከፍ ስንል ላብ አጠመቀኝ፤ ትኩሳቱም ለቀቀኝ።

«እስቲ ንዳድ ክንፍ ካለው ይከተለን!» አሉ አጎቴ፣ በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ።

«ቀርቷል አባ! ከረግረጉ ጋር ቀርቷል።»

«ይኸው! ያን ሁሉ ዘመን ተምረህ ዛሬ ገና አወቅህ።»

እኔ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነበርኩ። የወባ ተውሳክ በደም ውስጥ እንደሚኖር ለፈተና ጽፌአለሁ። ነገር ግን የሁለት ቀን መንገድ በሁለት ሰዓት ካለቀ፣ ከቆላ የተነሣ ደዌ ደጋ ድረስ አይደርስብኝም የሚል የልጅነት እምነት ከትምህርቴ ሥር ተኝቶ ኖሯል። የቀረውን ክኒን አልዋጥኩም። አጎቴም ሙግታቸው ሲቀጠርባቸው «አየር ላይ ለቀቀው» የሚለውን ወሬ ይዘው ወደ ወረታ ተመለሱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። ሽንቴ አመለጠኝ። ጓደኞቼ አዩ። ሆስፒታል ያደረሰኝ መምህሬ አጠገቤ ቆሞ ሳለ ሐኪሙ፣ «ክኒኑን ጨርሰሃል?» አለኝ። ከቆላው በአውሮፕላን ስወጣ ስለ ለቀቀኝ መተዌን ነገርኩት። «ወባው ያለው በቆላው አየር ውስጥ አይደለም፤ በደምህ ውስጥ ነው። አንተ ስትበር እሱም በረረ።» መግቢያ አጣሁ።

ማገገሙ ረዘም ያለ ነበር፤ በመጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ ቆይቶም ያው መምህሬ እየደገፈኝ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ስንሸራሸር፣ ያ ሰው ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳያነሣ ያመለጠኝን ትምህርት ያስረዳኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ይህን የምታነቡ ሕሙማን፣ ትኩሳቱ ሲለቃችሁ ድናችኋል ማለት አይደለምና የታዘዘላችሁን ጨርሱ፤ ከየት እንደ መጣችሁም ለሐኪም አትደብቁ።

አንድ ነገር ይቀራል። አጎቴ እንዳወጉኝ፣ ያመጡትን ወሬ የሰማ ጎረቤታችን ሸማኔ በዚያው ጥቅምት በንዳድ ተያዘ፤ ክኒኑንም ትቶ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጣ። እዚያው ዐረፈ። ከዓመታት በኋላ ሴት ልጁን አግኝቼ፣ አባቷ ደጋ የወጣው በዚያ ወሬ ተማምኖ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ኧረ ጋሼ፣ አባቴ የወጣው ለእኅቱ ልጅ ሠርግ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለችኝ እውነት ሆኖ ይሁን ለእኔ አዝና፣ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።