የ«ትዕግሥት» ግራ ጎን

ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ቤሪል ታስከር ስትሞት የ«ትዕግሥት» ግራ ጎን አላለቀም ነበር። የሚለጠፍ ሃያ ሦስት ቁራጭ ይቀራል፤ ቆጥሬዋለሁ። የስቱዲዮው መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ቤሪል ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት ጓደኛዬ ነበረች።

«ትዕግሥት» በሦስት ፊልሞች ጠፈርን ያቋረጠች መርከብ ናት። ለቀረጻ የተሠራች ሞዴል ስትሆን ርዝመቷ ሁለት ክንድ ነው። ቤሪል በ1979 ከእንጨትና ከፕላስቲክ ሠራቻት። ሞዴል ሠሪ ካሜራ የማያየውን ጎን አይጨርስም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በቀኟ የተቀረጸችው መርከብ ግራዋ ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ፊልም ቀኝ ጎኗ ይቃጠላል። ጠባሳውን ቤሪል በሻማ ጥቀርሻ ሣለችው።

የፊልሞቹ ታሪክ ወደ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲዛወር፣ የምስል ቅንብር ኃላፊው ጃስፐር መርከቧ አሁን ከሁሉም አቅጣጫ እንደምትታይ ነገራት። ቤሪል ከጡረታ ተመልሳ ግራውን ጀመረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መርከቧ እንደገና ካሜራ ፊት እንድትቆም። በሦስተኛው ወር ጃስፐር ወደ ሥራ ክፍሏ መጣ። እኔም ነበርኩ።

«ቤሪል፣ ከእንግዲህ አይድከሙ። ቀኙን በሌዘር ለክተን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተነዋል።»

«ግራውስ?»

«ኮምፒውተሩ ቀኙን እንደ መስታወት ገልብጦ ይሠራዋል።»

«ጠባሳውንም?»

ትንሽ አሰበ። «ጠባሳውንም።»

«በግራ የተቃጠለችው በየትኛው ፊልም ነው ልጄ? እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ይሆናል።»

«ማንም ልብ አይለውም።»

«እሱማ፣ አንተም ልብ አላልክ!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሞዴሏስ መቼ ትቀረጻለች?»

«እሷ እንኳን አትቀረጽም። መግቢያው አዳራሽ እናቆማታለን፤ ለጌጥ።»

«ግራዋን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ።»



በማግስቱ ሙጫዋን ይዛ መጣች። «አሁን ደግሞ ለማን ነው?» አልኳት።

«ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? ገና አላለቀችም ብለው እንዳያመካኙብኝ።»

ሐሳባቸውን አልለወጡም። የመጀመሪያው ክፍል እሑድ ኖቬምበር 10 ሲተላለፍ እቤቷ አብረን አየን። መርከቧ ዞረች፤ ግራዋም ተቃጥሏል። ቤሪል ድምፁን ቀነሰችና እስከ መጨረሻው አየች። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጠባሳ አንድም ተመልካች አልጻፈልንም። በዚህ ነገር ጃስፐር ትክክል ነበር፤ እሱንም መዝግቤዋለሁ።

ሰኞ፣ ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት፣ ሥራ ቦታ አልመጣችም። ቀለም የምታደርቅበትን የጸጉር ማድረቂያ ከጎረቤቷ ተውሳ ነበር። የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤቷ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ገመዱን ጠቅልላ፣ አፉ ላይ የደረቀውን ግራጫ ቀለም ፍቃ አምጥታላቸዋለች።

«ጨረስሽ እንዴ?» አሏት።

«ከዚህ በኋላ አያስፈልገኝም» ብላ ሰጠቻቸው።