እህቴ በማስኩ ሥር የተኛችበት ጠዋት

እህቴ ሰበታ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት ጠዋት ይዛው የምትመለሰው ፊት የሌላ ሰው ይመስላል። ጉንጮቿ ይነፋሉ፤ የዓይኖቿ ሥር ውኃ እንደቋጠረ ያብጣል። እኛ ለምደነዋል። እናቴ "ፊትሽ ገና አልነቃም" ትላታለች፤ እሷም "እኔስ መቼ ነቃሁ" ብላ ትተኛለች። እኩለ ቀን ላይ ስትነሳ እብጠቱ ወርዶ እህቴ ትመለሳለች።

በዚያ እሑድ ግን እስከ እኩለ ቀን የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም። ሽማግሌዎች ለመልስ የተቀጠሩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እህቴ ደግሞ የቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ናት። ፈረቃ እንዲቀይሯት ሁለት ባልደረቦቿን ለምና ነበር። ሁለቱም ከደቡብ የመጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘምሩ ልጆች ናቸው። "ታዲያ እሑድ ጠዋት እያንቀላፋን እንዘምር?" አሏት። እውነታቸውን ነው።

እህቴ ሽማግሌ የላከባትን ልጅ ትፈልገዋለች። እዚያው ፋብሪካ ማሽን ይጠግናል። ስልክ ሲደውልላት ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ዓለም ገና በምትባለው ከተማ ያለው ቤታችን ግን ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ ሁላችንም እንሰማታለን።

ያስጨነቁን አጎቴ ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ በቤታችን ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እሳቸው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት ቡራዩ ነው። ለሽማግሌ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ልጅቷን አስጠርተው ፊቷን ያያሉ። "ያለቀሰች ልጅ አልሰጥም" ይላሉ። ሱሉልታ የምትኖረው አክስቴ ልጇን ለመዳር ስትነሳ፣ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ገባች። አክስቴ "ጭስ ነው" አለች። አጎቴ ሽማግሌዎቹን በትሕትና አሰናበቱ። በኋላም ልጅቷ ተገዳ ስታለቅስ ማደሯ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይን የሚቀርብ ምክንያት ሁሉ ለአጎቴ ጭስ ነው።

"የሌሊት ሥራ ነው ብለን አስቀድመን ብንነግራቸውስ?" አልኳት እናቴን።

"ይብሱን ይጠረጥራሉ። ፊቷ ራሱ ይናገር።"

እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተሬን ጨርሼ ለእረፍት መምጣቴ ነበር፤ ለቤቱ አንድ የሚረባ ነገር ለማድረግ ቸኩዬአለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ስንለያይ አንድ የፊት ማስክ ሰጥታኝ ነበር። ዓይንና አፍ የተቀደደለት፣ በፈሳሽ የተነከረ ስስ ጨርቅ ነው። ለፈተና ስታጠና ያደረች ዕለት ለጥፋው የዓይኗ ሥር እንዴት እንደሚቀንስ አይቻለሁ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ፊደል ማንበብ ስላልቻልኩ በቴሌግራም ጠየቅኳት። መልሷን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፦ ፊቷን ትታጠብ፤ ማስኩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ከሃያ ደቂቃ አይለፍ፤ ከደረቀ ቆዳ ይጎትታል።

ቤታችን ፍሪጅ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ "ኦቦ"፣ ማለትም "አቶ"፣ ብቻ ብሎ ወደሚጠራቸው ባለሱቅ ሄጄ፣ ከለስላሳው ጎን እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው።

"ይሄ ምንድን ነው? የሚበላ ነው?"

"ፊት ላይ የሚለጠፍ ነው፣ ኦቦ። እብጠት ያወርዳል።"

ማሸጊያውን አገላብጠው አዩና ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። "የዚህስ ልክ የለውም?"

እሑድ አንድ ሰዓት ላይ እህቴ ገባች። ያን ያህል አብጣ አይቻት አላውቅም። ታጥባ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለች ማስኩን ዘረጋሁባት።

"ወይኔ ብርዱ! ገነዝሽኝ እኮ!"

"አትሳቂ፣ ይሸበሸባል።"

"አሁን እሱ ቢያየኝ ሽማግሌዎቹን ከመንገድ ይመልሳቸው ነበር።"

ወዲያው የቀሚሴን ጫፍ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ ወረቀቴን ይዤ ስልኬ ላይ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ሃያው ሞላ። ሌሊቱን ሙሉ በእግሯ ቆማ ያደረችን ልጅ ለመቀስቀስ እጄን ዘረጋሁና አንጀቴ አልችል አለ። አምስት ደቂቃ ጨመርኩላት። ከዚያ ሌላ አምስት። አተነፋፈሷን እየሰማሁ ስንት ጊዜ እንደጨመርኩ አላውቅም።

እናቴ በሩን ከፈተች። "ምነው ልጆቼ! መጡ እኮ!"

ማስኩ ደርቆ ቆዳዋ ላይ ተጣብቋል። ላይኛው ጠርዝ ተንሸራትቶ ፈሳሹ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ላጥኩት። እብጠቱ በእርግጥ ትንሽ ጎደል ብሏል፤ ዓይኖቿ ግን በርበሬ መስለው እንባ ያፈሳሉ። ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ሙሽራ ልሥራ ብዬ ብነሳ እንኳ ከዚህ የበለጠ አላሳምርም ነበር።

"ምን መሰልኩ?" አለችኝ። ነጠላዋን አቀበልኳት።

ሳሎን ውስጥ አጎቴና ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በዕድሜ የሚበልጡት በኦሮምኛ "አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ" እያሉ ለእናቴ ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ አጎቴ እህቴን አስጠሩ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች። እኔ በሩ ሥር ቆምኩ።

"ቀና በይ፣ ልጄ።"

ቀና አለች። አንድ እንባ ጉንጯ ላይ ወረደ።

"አልቅሰሻል?"

"አላለቀስኩም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

መታገስ አልቻልኩም። "ጋሼ፣ የእኔ ጥፋት ነው! ማስክ ነው!" ብዬ የደረቀውን ጨርቅ ፊታቸው ዘረጋሁት።

አጎቴ በጨርቁ የዓይን ቀዳዳ በኩል አሻግረው አዩኝ። "ጭስ ሰምቻለሁ፤ ሽንኩርትም ሰምቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ጨርቅ መጣ!" ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። "ወንድሞቼ፣ አትቀየሙኝ…"

አንደኛው ሽማግሌ ለመነሳት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። በኛ ወግ በዚህ ሰዓት ልጅቷ አትናገርም፤ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

እህቴ አልወጣችም። "ጋሼ፣ ዓይኔን ይተዉት። እኔን ይጠይቁኝ።"

አጎቴ ከእንግዶቹ ወደ እሷ ዞሩ።

"እሺ። ጠየቅኩሽ።"

"እፈልገዋለሁ። ሌሊት ሲደርሰኝ ሰው ያዝንልኛል፤ እኔ ግን እሱም እዚያ ተረኛ ስለሚሆን ደስ እያለኝ ነው የምገባው።"

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። መጀመሪያ የሳቁት ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። "ይሄን ያህል ዘመን ለሽምግልና ስቀመጥ፣ ልጅቷ ራሷ ስትመልስልኝ ገና ዛሬ አየሁ!"

"ሰማችሁ እንግዲህ" አሉ አጎቴ። "እኔ የምጨምርበት የለኝም።"

እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ እህቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ተኝታ አገኘናት። እናቴ ልትቀሰቅሳት ስትል አጎቴ እጃቸውን አነሱ። "ተያት" አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ያንን ጨርቅ ግን ሁለተኛ እንዳታለብሻት።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

ምሳ በልተው ወደ ቡራዩ እስኪሄዱ ድረስ ሁላችንም የምናወራው በሹክሹክታ ነበር።