በሬ ወድቆብኛል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ቢቸና እየሠራሁ ሳለ ነው። እስከ ዛሬ «በሬ» ብዬ ለመጻፍ እፈራለሁ። ሳቁብኝ ግድ የለም፤ ብቻ ጨርሳችሁ ሳቁ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ቢቸና አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሞጣ ነው። ልጃችን እኔን የሚያውቀኝ በቪዲዮ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ ልቀፈው ስል እሪ ብሎ አለቀሰ፤ ወዲያው ስልኩን አንስቶ «አባ!» አለው። ሞጣ አንድ ቢሮ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ ሮጬ ተመዘገብኩ፤ ለቃለ መጠይቅም ተጠራሁ።

በዚያው ሰሞን በጣት አሻራ የሚከፈት የብረት በር ገዝቼ ነበር። ምን አስገዛህ አትበሉኝ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ካየሁ አላስችል ይለኛል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አስመጣሁና የተከራየኋት ጭቃ ቤት ላይ አስገጠምኩት። አከራዬ እትዬ የሺ «ጣት የሚያሸት በር» ብለው ስም አወጡለት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ጣትህን ስጠው» ይሉኛል፤ እኔም ኮራ ብዬ እሰጠዋለሁ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጠዋት ሱፌን ግጥም አድርጌ ለብሼ ልወጣ ስል በሩ እምቢ አለ። ጣቴን ሰጠሁት። ጠርጌ ሰጠሁት። ወይ ፍንክች! ተናድጄ እጀታውን ስጎትተው ግድግዳው ተናደና በሩ ከነመቃኑ መጣብኝ። እኔ በጀርባዬ ወደቅሁ፤ እሱ አልጋዬ ላይ ተደግፎ ከላዬ ቀረ። ደግነቱ አልተጎዳሁም፤ ሱሪዬ ግን ከብረቱ ሥር ተይዟል፤ ንቅንቅ ማለት የለም። በሩ ደግሞ በተቀዳ ድምፅ፣ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኛል።

ብጮህ ማን ይሰማኛል? የገበያ ቀን ስለሆነ ግቢው ባዶ ነው። ልደውል ብል ካርድ የለኝም፣ ያለኝ ኢንተርኔት ብቻ ነው። የድምፅ መልእክት ብልክ በኔትወርኩ አልሄድ አለ። ጽሑፍ ግን ያልፋል። በአንድ እጄ እንደምንም ብዬ የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «በሬ ወድቆብኛል። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ ጠበቅ አድርጌ የቤቴን በር ማለቴ ነበር። ስልክ ግን ማጥበቅና ማላላት አያውቅም። ሰዉ ሁሉ አላልቶ አነበበው። በዚያ ላይ እዚያው ግሩፕ ላይ «በሬ ማድለብ ያዋጣል ወይ?» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ሰንብቻለሁ። «ለካ ገዝቶ ኖሯል፣ ምስኪን!» ተባባሉ።

በሬ የወደቀበት ሰው እንዴት እንደሚረዳ ታውቃላችሁ። በሬው ሳይሞት ታርዶ ጎረቤት ቅርጫ ይገባለታል። ወሩ ደግሞ ፍስክ ነው። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተበረገደ። አንገቴን ሳቃና መጀመሪያ ያየሁት ቢላዋ ነው።

«የት ነው የወደቀው?» አሉ ጎረቤቴ ጋሼ አለነ፣ ቢላዋቸውን እየሳሉ።

«እዚህ ነው! ከሥሩ ነኝ!»

«አይዞህ! ነፍሱ አልወጣችም?»

«አልወጣችም፤ አለሁ!»

«አንተማ ትናገር የለ፣ በሬውን ነው የምልህ!»

ከኋላቸው መጥረቢያ የያዘ፣ ሳፋ የተሸከመ፣ ጆንያ ያነገተ ሰው ግቢውን ሞላው። እትዬ የሺ ከገበያ እየሮጡ «ሽንጡን ለእኔ!» እያሉ ገቡና ቤታቸውን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ፤ «ውይ በሞትኩት! ጣት የሚያሸተው!»

ነገሩ የተገለጠላቸው የሰፈራችን የቅኔ መምህር የኔታ ናቸው። መልእክቱን ከአንዱ ሰው ስልክ ላይ አነበቡ፣ ቀና ብለው የወደቀውን በር አዩ። አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው «በሬ… በሬ…» አሉ። ከዚያ በሳቅ ፈርሰው በከዘራቸው ተደገፉ። «እናንተ ሰዎች፣ ቅኔ ነው የተዘረፈብን!»

ሥጋ ጠብቆ የመጣ ሰው መቼም አይስቅም ትላላችሁ። እነሱ ግን እየሳቁ ተረባርበው በሩን አነሱልኝ። ሱሪዬ አልላቀቅ ቢል ጋሼ አለነ በዚያው ቢላዋ ቀደዱት። የዚያን ቀን የታረደው የእኔ ሱሪ ብቻ ነው። እየገፉ ባጃጅ ውስጥ ከተቱኝና መናኸሪያ አደረሱኝ።

ሞጣ የደረስኩት አርፍጄ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ተተልትሎ ነው። ፈታኞቹ ፊት ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሽማግሌው ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሬ የወደቀብህ ልጅ አንተ ነህ?»

መልእክቴ ከነስሜ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ተላልፎ ከእኔ ቀድሞ ሞጣ ገብቷል! ሰውዬው ሱሪዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከነኀዘንህ መጣህ? እግዜር ይተካልህ፣ ልጄ።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያኔ ልጄ ስልኩን «አባ» ሲለው ትዝ አለኝ።

«አሜን» አልኩ።

ሥራውን አገኘሁ። አሁን ልጄ ከሥራ ስገባ ስልኩን ወርውሮ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። የቢቸና ሰዎች ገበያቸውን ጥለው ቢላዋ ይዘው እንደሮጡልኝ ሳስብ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ወዲያው ሳቄ ያመልጠኛል። በር የሚባል ነገር በቁልፍ ከተከፈተ ይበቃኛል።

አንድ ጭንቀት ግን አለብኝ። ሽማግሌው ዛሬ አለቃዬ ናቸው። በቀደም ቢሮ ጠርተው «በሬህን እኮ አልረሳሁትም» አሉኝ። ከእርሻቸው አንድ ወይፈን ሊሰጡኝ ነው። አሁን እምቢ ብል ምን ብዬ ላስረዳቸው? እሺ ብል የት ላስረው? የምኖረው ፎቅ ላይ ነው።

እንደለመድኩት «አሜን» አልኩ። ቅዳሜ ይመጣል።