ለቅሶ ቤት የገባው አንቴና

አቶ ቦና በተቀበሩ ማግስት ጎረቤት ሳሎኑን ለለቅሶተኛ ሲያሰናዳ፣ የልጃቸውን የሾዴን ኮምፒውተር አንሥቶ ግቢው ጥግ ያለችው ሰርቪስ ክፍል አስገባው። ኮምፒውተሩን ከሳሎኑ የኢንተርኔት ሳጥን የሚያገናኘው ገመድም ተነቅሎ ተጠቀለለ። ማንም ክፉ አላሰበም። ለቅሶ ቤት የሚፈልገው ወንበርና ቦታ ነው።

ሾዴ ግን ሐሙስ ጠዋት የሥራ ፈተና ነበረባት። አንድ የሕክምና ድርጅት ለመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ የሚመርጠው በኢንተርኔት ነው፤ ግማሹ ጥያቄና መልስ፣ ግማሹ በኮምፒውተር የሚሠራ። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ ስትፈልግ ኖራለች። አባቷ ከጥበቃ ሥራ ሲመለሱ "ምን አሉሽ?" ሳይሉ ጫማቸውን አያወልቁም ነበር። ቀኑን እንዲለውጡላት ብትጽፍ አይቻልም አሏት። ሰርቪሷ ውስጥ ደግሞ የስልኳ መስመር አይጸናም።

ረቡዕ ጥቁሯን እንደለበሰች ጳውሎስ ሠፈር ወዳለው የያሕያ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ወረደች። አብረው የተማሩ ናቸው። ያሕያ ልብሷን አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ፤ የሞቱት አባቷ መሆናቸውን ሲሰማ "አላህ ያጽናሽ" አላት። ከዚያ ያለ ገመድ ኢንተርኔት የሚቀበል ዕቃ ሁለት ዓይነት አወጣላት፤ አንዱ ጥፍር የሚያክል፣ ሌላው አንቴና ያለው። እሷ ትንሹን አነሣች።

"ግድግዳችሁ ምንድን ነው?"

"ሳሎኑ ጭቃ፣ ሰርቪሱ ቆርቆሮ።"

"እንግዲያ ተዪው፣ እሱ አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ የኮንዶሚኒየም ሙሽሮች ነው። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል። አንቴና ያለውን ውሰጂና በማራዘሚያ አውጥተሽ መስኮቱ ላይ አቁሚው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ እንዳትደብቂው።"

ማስጀመሪያ ፕሮግራሙንም ያለ ኢንተርኔት እንድትጭነው በፍላሽ ገለበጠላት።

ቤት ገብታ እንዳላት አደረገች። የጎረቤቶቹ መስመሮች ስም ተራ በተራ ብቅ አለ፤ የእነሱ የለም። መስኮቱን ከፈተች፣ አንቴናውን አዟዟረች፤ የለም። ዕቃው የተበላሸ መስሏት ለያሕያ ደወለች። የሌሎቹን ካሳየ ዕቃው ደኅና ነው፣ ይልቅ የሳሎኑ የኢንተርኔት ሳጥን መብራት እንደበራ እዪ አላት።

ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለብሷል። የእድሩ ሴቶች ታላቅ እትዬ ወለተማርያም ሐዘን በገባበት ቤት የሚያብለጨልጭ ነገር አይወዱም፤ ቴሌቪዥኑን ሲያስነቅሉ በዚያው ማከፋፈያ የተሰካው ሳጥንም አብሮ ጠፍቷል። ሾዴ ያን ሁሉ ለቅሶተኛ አልፋ ሳጥኑን መሰካት ፈራች። የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ኢንተርኔት አማራት ይሏታል። ጎንበስ ብላ ለእትዬ ወለተማርያም በጆሯቸው ነገረቻቸው።

እሳቸውም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ቦና ይህን ፈተና ያውቅ ነበር?"

"ከእኔ በላይ ሲጠብቅ የነበረው እሱ ነው።"

"እንግዲያ ሰኪው። ነጠላውን ግን አታንሺ።"

ሐሙስ ጠዋት የፈታኟ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ጥርት ብሎ መጣ። ጥቂት እንደተጠያየቁ ከሱሉልታ የተነሡ የአባቷ ዘመዶች ግቢው በር ላይ ደረሱ። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚገባው፤ ደንቡ ነው። ሾዴ አፏ ይመልሳል፣ ጆሮዋ ጩኸቱን ይጠብቃል። ጩኸቱ አልመጣም። በመስኮቱ አሻግራ ስታይ እትዬ ወለተማርያም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘመዶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ውጭ እንደቆሙ በዝምታ ያለቅሳሉ።

እስከ መጨረሻው ጥያቄ መለሰች፤ በኮምፒውተር የሚሠራውንም ጨረሰች። ኮምፒውተሩን ዘግታ ወደ ግቢው ወጣች።

"ያስገቧቸው እትዬ፣ ጨርሻለሁ።"

እትዬ ወለተማርያም እጃቸውን አወረዱ። ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው ሾዴ ናት።